ሁለት ሎሚ

ሴቶቹ ይጠይቁኛል። ለቅሶ ቤት፣ ዕድር ስብሰባ፣ ቅዳሜ ገበያ ዘንቢል ይዤ ስቆም ሳይቀር «እትዬ አልማዝ፣ እስቲ ፊትዎን ምን እያደረጉት ነው?» ይሉኛል። ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ጉልበቴ ደረጃ ባየ ቁጥር ይሟገተኛል፣ ከጥርሶቼም ታማኝ ሆነው የቀሩት የፊተኞቹ ብቻ ናቸው፤ ፊቴ ግን፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሰው እንደሚለው ብዙ አልከዳኝም። እኔም ሳልሰስት እነግራቸዋለሁ። ማሩን እነግራቸዋለሁ፣ ለጋ ቅቤውን እነግራቸዋለሁ፣ የዝናብ ውሃውን እነግራቸዋለሁ። በቀደም አንዷ፣ ባንክ የምትሠራ ቀልጣፋ ልጅ፣ የምለውን ስልኳ ላይ እየጻፈች «ሎሚስ እትዬ? እዚህ ላይ ሎሚ ጨምሩበት ይላል እኮ» አለችኝ። «ሎሚ እንዳትነኪ» አልኳት። «ለምን?» አለች። ለምን እንደሆነ ግን አልነገርኳትም፤ ውሃ ጥጄ ነው የመጣሁት ብዬ ጥያት ሄድኩ። ከአርባ ዓመት በላይ ሆዴ ውስጥ የቀበርኩትን ነገር መንገድ ላይ ቆሜ ለባንክ ልጅ አልናገር። አሁን ግን እናገራለሁ። ጊዜው ካለፈ በኋላ መናገር ድሮም የኔ ልማድ ነው።

ያኔ ሃያ አምስት ዓመት አልሞላኝም፤ አንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ቦንጋ እንደ ዛሬው አልተዘረጋችም። ከፖስታ ቤቱ ተነስተሽ እስከ ገበያው ብትወርጂ ሰላም ሳትዪው የምታልፊው ሰው አይኖርም፤ አውቶቡስ የገባ ቀን ግማሹ ከተማ ወጥቶ ማን እንደወረደ ያያል። ዝናቡ ያው የዛሬው ዝናብ ነው፣ ጭቃው ግን የባሰ ነበር፤ አንድ ኮንጎ ጫማው ጭቃ ውስጥ ቀርቶበት በአንድ እግሩ እየዘለለ የሚሄድ ሰው ማየት ብርቅ አልነበረም። ሻይ ቤቱ ማዕዘን ላይ አንድ ልብስ ሰፊ ነበር፤ እጅጌው ነፋ ያለ፣ ወገቡ ሽብሽብ የሆነ የቴትሮን ቀሚስ በስድስት ብር ይሰፋልሻል፣ ቁራጩንም አይወስድብሽም፣ ለፀጉር ማሰሪያ ይመልስልሻል። ከሱ ቀጥሎ ፎቶ ቤቱ ነበር። መጋረጃው ላይ ሰማያዊ ባሕርና አንድ ነጭ ጀልባ ተስሎበታል፤ ባሕር አይተን የማናውቅ ሰዎች ሁላችንም ባሕር ፊት ቆመን ተነስተናል። የሻይ ቤቱ ራዲዮ የፍቅር ዘፈን ሲለቅ ልብስ ሰፊው የሲንጀሩን መርገጫ በዘፈኑ ምት ይረግጥ ነበር፤ አንዳንዴ የኔም ጣቶች የጽሕፈት መኪናው ላይ ያንን ምት ይዘው ሲተይቡ አለቃዬ ተናዶ ያፈጥብኛል። ስለዚያ ዘመን ሌላ ሌላው ሲነሳ፣ ስለ ስብሰባው፣ ስለ ሰልፉ፣ ማን ተሾመ ማን ወረደ የሚለው፣ እኔ ዘንድ ብዙ የቀረ ነገር የለም። የቀሚሴ አበባ ግን ዛሬም ይታየኛል። ልብስ ሰፊው የነበረበት ቦታ ላይ አሁን የሞባይል ካርድና የቆዳ ማንጪያ ቅባት ይሸጥበታል፤ ባለፍኩ ቁጥር ዞር ብዬ አያለሁ።

ዘነበች የመጣችው በዚያ አውቶቡስ ነው። አገሯ ወሎ ነበር፤ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ውስጥ አስተማሪ ሆና ተመድባ መጣችና እኛ ግቢ ያለችውን አንዲት ክፍል ተከራየች። ጠይም፣ ጉንጯ ሞላ ያለ፣ ስትስቅ ዓይኗ የሚጠፋ ልጅ ነበረች። እናቴ ወዲያው ወደደቻት፤ መነጋገር ግን አይችሉም። የእማዬ አማርኛ ከገበያ ዋጋ አያልፍም፣ ዘነበች ደግሞ የኛን ካፊኖኖ አንድ ቃል አታውቅም። በመካከላቸው አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ። እማዬ «ይቺ ልጅ አትበላም እንዴ፣ አንገቷ ቀጠነ እኮ» ትላለች፣ እተረጉማለሁ። ዘነበች «ቆጮውን ገና አልለመድኩትም በይልኝ» ስትለኝ ደግሞ እኔ ወደ እማዬ ዞሬ «በጣም ጣፈጠኝ ትላለች» እላለሁ። እማዬ ደስ ብሏት ትጨምርላታለች። ዘነበች በዓይኗ ትገላምጠኛለች፣ ኋላ ክፍሏ ገብተን በሳቅ እንሞታለን። እህት አልነበረኝም፤ በሷ እህት አገኘሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ፊታችንን የምንቀባበት ቀን ነበር። ማንኪራ ያሉት አጎቶቼ ጫካ ውስጥ ቀፎ ይሰቅላሉ፤ ነጩን ማር በቅል ይልኩልን ነበር። ይህ ነጭ ማር ሲከርም እንደ ስኳር ይጠጥራል፤ ለኛ ደግሞ ደግ የሚሆነው ሲጠጥር ነው። አንድ ማንኪያ ማር፣ በጣት ጫፍ የተነሳ እርድ፣ በላዩ ላይ የሎሚ ጭማቂ። ሎሚ ስድስቱ በአሥር ሳንቲም ነው፣ ማን ይሰስተዋል። ጉንጫችንን በጠጠሩ ማር እስኪቀላ እናሸዋለን፣ ከዚያ ከቆርቆሮው ሥር ባጠራቀምነው ቀዝቃዛ የዝናብ ውሃ እንለቀለቃለን። የሃያ ዓመት ቆዳ ይቅር ባይ ነው፤ ብትፈትጊውም ብታቃጥዪውም ሰኞ ጠዋት አብርቶ ይጠብቅሻል። ዘነበች ግን የመጀመሪያው ቅዳሜ ሎሚው ሲነካት ፊቷን ይዛ ተነሳች። «ሎሚ አይስማማኝም፣ ልጅ ሆኜም እጄን አቁስሎኛል» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ የሷን ለብቻ፣ ያለ ሎሚ አዘጋጅላት ነበር። በሆዴ ግን ቅምጥል ናት እል ነበር። ፊት የሚያበራው ሎሚው ነው ብዬ አምናለኋ፤ ማርን ያለ ሎሚ መቀባት ለኔ ጨው የሌለው ወጥ ነው።

ታላቅ ወንድሜ አስራት ቡና መረከቢያ መጋዘን ይሠራ ነበር። ዝምተኛ ነው፤ ዘነበችን መውደዱን ያወቅሁት በዚያ ሁሉ ጭቃ ጫማውን ቀለም መቀባት ሲጀምር ነው። ላግባት ብሎ ለእማዬ ሲነግራት እማዬ «ዘሯን ማን ያውቃል?» አለች። ጋብቻ ሲታሰብ ያኔ መጀመሪያ የሚጠየቀው ሀብት አልነበረም፣ ደም ነው። ሽማግሌ ቁጭ ብሎ እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራል፤ ከዘር ማንዘር ቁምጥና የነካው ሰው አለ ወይ ተብሎ ይጣራል። ዛሬ ሥጋ ደዌ ነው የምንለው፤ በኪኒን ይድናል፣ በዘርም አይወርድም ይላሉ ሐኪሞቹ። ያኔ ግን ስሙ ብቻ ቤት ይዘጋ ነበር። የጎረቤት ልጅ ብትሆን እናቷን እናውቃለን፣ አያቷን እናውቃለን፤ የወሎ ልጅን ዘር ማንን ይጠይቋል? እማዬ ሁለት ወር አሰበች፣ ከራሷ ጋር ተሟገተች። በመጨረሻ ልጅቷን ስለወደደቻት ተሸነፈች። «ፊቷ ንጹሕ ነው፣ ፊት አይዋሽም» አለች። እሁድ ማንኪራ ወስደን ለእማዬ ወንድሞች ልናሳያት፣ እነሱ ከወደዷት ሽማግሌ ወሎ ድረስ ሊላክ ተባለ።

እሁድ ጠዋት ዘነበች ክፍሌ መጣች። ማሩንና እርዱን ሳህኗ ላይ አደረግሁ። ያን ቀን እንድታበራ ፈለግሁ፤ አጎቶቼ አይተው አፋቸውን እንዲይዙ፣ እማዬም ሐሳቧን እንዳትለውጥ። ክፋት አልነበረብኝም፣ ይህን እምላለሁ። ለሷ ፊት የሚበጀውን ከሷ የበለጠ አውቃለሁ ባይ ነበርኩ፣ ይኸው ነው። ጀርባዬን ሰጥቻት ሁለት ሎሚ ቆርጬ ጨመቅሁበት። ስቀባት ፊቷን ቋጠረች። «ይቆጠቁጣል እኮ አልማዝ» አለች። «ማሩ አዲስ ስለሆነ ነው፣ ቻይው» አልኳት። በውሃም አላስለቀለቅኋትም፤ ወዙ እንዳይጠፋ ብዬ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ ጠረግ አደረግኋት። ከስንት ሳምንት ዝናብ በኋላ ያን ቀን ሰማዩ ጥርት አለ። እማዬ፣ አስራት፣ እሷና እኔ ማንኪራ ድረስ በእግራችን ሄድን፤ ጫካው ጥላ አለው፣ ከጫካው በፊት ያለው መንገድ ግን ገላጣ ነው። አጎቶቼ ወደዷት። አንደኛው የማር እሸት ቆርጦ በእጁ አጎረሳት። ስንመለስ አስራት ከኋላችን ያፏጭ ነበር፤ እሱ ሲያፏጭ በሕይወቴ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሰኞ ፊቷ ቀላ። ማክሰኞ የፈላ ውሃ እንደነካው ጉንጯ ላይ ውሃ ቋጠረ። በሳምንቱ ቁስሉ ደርቆ ሲረግፍ ከሥሩ የወጣው ቆዳ ጥቁር ነበር፤ ከጉንጯ አጥንት እስከ አገጯ፣ ጭማቂው በአንገቷ የወረደበት መስመር ሳይቀር። መስመሩን ሳይ ገባኝ። ሎሚ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ መዋል ቆዳ እንደሚያቃጥል ማንም አላስተማረኝም ነበር፤ ቢሆንም ያ መስመር የማን እጅ ሥራ እንደሆነ ለማወቅ መማር አያስፈልግም። ጤና ጣቢያ ሄደች፣ ድሬሰሩ ቅባት ሰጣትና ቀስ እያለ ይለቃል አላት። እማዬ ሁለት ሳምንት ዝም ብላ አየቻት፤ ምን ነካሽ ብላ እንኳ አልጠየቀቻትም።

ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እማዬ በራፋችን ላይ አስቀመጠቻትና በካፊኖኖ መናገር ጀመረች፣ ቀስ ብላ፣ እያዘነች። እማዬ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። እኔ በመካከላቸው ተቀምጬ እተረጉማለሁ። «ልጄ እወድሻለሁ ትላለች። ይህ ግን የቁምጥና መጀመሪያ ነው ትላለች። በዘር የሚወርድ ነው። አሁን ይተኛ ይሆናል እንጂ አይጠፋም ትላለች። በልጆችሽ ላይ ይነሳል። ስለዚህ ልጄን ተዪልኝ ትላለች።» ዘነበች የምታየው እማዬን አልነበረም፤ እኔን ነው፣ ቃሉ ከኔ አፍ ነዋ የሚወጣው። ቆጮው ጣፈጣት ብሎ የሚዋሽ አፌ ያን ቀን አንድ ቃል አልለወጠም። ታይፒስት ነኝ፤ የተሰጠኝን ሳልጨምር ሳልቀንስ አደረስኩ። ሎሚ ነው፣ ያደረግሁት እኔ ነኝ ብል በሁለቱም ቋንቋ አንድ ትንፋሽ አይፈጅም ነበር።

ለምን ዝም አልሽ በዪኝ። መጀመሪያ እማዬን ፈራሁ፤ ሆን ብለሽ ነው፣ ወንድምሽ ቀድሞሽ ሊያገባ ስለሆነ ቀንተሽ ነው ትለኛለች ብዬ። የወንድሟን እጮኛ ፊት ያበላሸች መባል በዚች ከተማ እስከ ልጅ ልጅ የሚከተል ስም ነው። ቀጥዬ ደግሞ፣ ይለቃል አይደል ያላት ድሬሰሩ፣ ሲለቅ እማዬ ታየዋለች፣ ነገሩ ራሱ ይስተካከላል አልኩ። ነገ እናገራለሁ፣ ከነገ ወዲያ እናገራለሁ እያልኩ ቀኑ ሄደ። በሦስተኛው ወር ዘነበች ዝውውር ጠይቃ ሄደች። ጥቁረቱ ፈጽሞ የለቀቀው ኋላ ነው ሲባል ሰማሁ። አስራት እናቱን የሚያስቀይም ልጅ አልነበረም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጫማውን እያወለቀ፣ «አልማዝ፣ ምን ነበር የነካት?» ብሎ ጠየቀኝ። «እኔ ምን አውቃለሁ» አልኩት። ዋጫ ከተማ ሥራ ይዞ ሄደ፣ አገባ፣ ወለደ፤ ሁለተኛ አልጠየቀኝም።

ከዚያ ወዲህ ሎሚ ፊቴን ነክቶ አያውቅም። የቀረውን ደግሞ ዕድሜ አንድ በአንድ ከእጄ ቀማኝ። በሠላሳ አንድ ዓመቴ ልጄን ሳረግዝ ሁለቱም ጉንጬ ላይ ማድያት ወጣብኝ። መስታወቱ ውስጥ ዘነበችን አየኋት። እግዚአብሔር ረስቶኝ ነበር፣ ይኸው አስታወሰኝ ብዬ አለቀስኩ፤ ባሌ ነፍሱን ይማረውና ለመልኬ ያለቀስኩ መስሎት «ይለቃል እባክሽ» ይለኝ ነበር። በአርባዎቹ ውስጥ በሳሙና ስታጠብ ፊቴ እንደ ከበሮ ይወጠር ጀመር፣ ሳሙናውን ተውኩ። ጠጠሩ ማር ሲቧጭረኝ ጊዜ ለብ ባለ ውሃ አሟምቼ መቀባት ያዝኩ፤ ማሸት ቀረ፣ ማሳረፍ ብቻ። የወር አበባዬ ሲሄድ ወዜን ይዞት ሄደ፤ የዓይኔ ሥር የደረቀ የእንሰት ቅጠል መሰለ። ለጋ ቅቤ የገባው ያኔ ነው፤ ጨውም ቅመምም ያልነካው፣ በስሱ፣ ፊቴ ገና እርጥብ ሳለ። ጓሮ ያለው አቡካዶ ሲበስልም ቁራሽ ወስጄ በጣቴ አድቅቄ እቀባለሁ። እርዱን ስልሳ ሲሞላኝ ተውኩት፤ የሳሳ ቆዳ ቀለም ይይዛል፣ አንድ እሁድ ቢጫ አሮጊት ሆኜ ቅዳሴ ሄጃለሁ። አሁን የቀረኝ ለብ ያለ ውሃ፣ በሁለት ሳምንት አንዴ ቀጠን ያለ ማር ለጥቂት ደቂቃ፣ ጠብታ ቅቤና ጃንጥላ ነው። ፎጣም ቢሆን አልጠርግበትም፣ ነካ ነካ ነው የማደርገው፤ አንዴ ስጠርግ ተልጦልኛል። ስታረጂ መቀነስ እንጂ መጨመር የለም። ልጆቹ ይህን ስነግራቸው ቅር ይላቸዋል፤ የሚጨመር ነገር ነው የሚፈልጉት።

አስራት አምና ሞተ። ሙት ዓመቱ በእናታችን ቤት፣ አሁን እኔ በምኖርበት ተደረገ፤ ሚስቱና ልጆቹ ከዋጫ መጡ። ሰው እየተመገበ ሳለ አንዲት ረጅም ነጠላ የለበሰች ሴትዮ ትንሽ ቦርሳ ይዛ በራፍ ላይ ቆመች። የድሮ አስተማሪ ጓደኛዋ በስልክ ነግሯት፣ ጡረታ ከወጣችበት ከደብረ ብርሃን ሁለት ቀን ሙሉ ተጉዛ መምጣቷ ነው። ፊቷን ሳየው ደነገጥኩ። ጥቁረቱ የለም፣ አንድም ምልክት የለም፤ ግን የዚያ አገር ብርድና ነፋስ አድርቆ ሰነጣጥቆታል፣ ነጭ አቧራ የተነሰነሰበት ይመስላል። «አልማዝ፣ አላወቅሽኝም?» ብላ ፈገግ ስትል ዓይኗ ጠፋ። አቅፋ አለቀሰችልኝ፤ ስለ ወንድሜ። የአስራት የልጅ ልጅ፣ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፣ እንግዳ ሳሚ ሲሏት ሄዳ ጉንጯን ሰጠቻት፤ ዘነበች ግን እጇን ብቻ ሰጠቻት። ወሎዬ ሆና ልጅ አትስምም እንዴ ብዬ ገረመኝ። ደጋው አገር ከርማ ኮርታለች አልኩ በሆዴ።

እንግዳው ተበትኖ ዘነበች እኔ ጋ አደረች። ጠዋት ስነሳ በረንዳው ላይ ፊቷን በልብስ ሳሙና ስትፈትግ አገኘኋት።

«በስመአብ! ድስት ነው የምታጥቢው ወይስ ፊት?»

«ፊቴን ነዋ። ዕድሜዬን ሙሉ በሱ ነው የምታጠበው።»

«ዕድሜሽን ሙሉማ ቆዳሽ ይህ አልነበረም። ነይ ተቀመጪ።»

እየሳቀች ተቀመጠች። ውሃ ለብ አድርጌ ሳሙናውን አነሳሁላት፤ በመዳፌ እየነካካሁ፣ ሳላሽ። ከነጩ ማር በማንኪያ ጫፍ አሟምቼ ጉንጯ ላይ ሳሳርፈው ቆዳዋ ጣቴ ሥር ሳስቶ፣ አጥንቷ ይሰማኛል። ዓይኗን ጨፍና ራሷን ወደ ኋላ ጣለች።

«ያኔም እንዲህ ነበር የምትቀቢኝ» አለች። «ግን የመጨረሻው ቀን ቆጥቁጦኝ ነበር። አሁን አይቆጠቁጥም።»

እጄ ቆመ። ዝም ብል ማንም አይጠይቀኝም ነበር፤ እማዬ የለች፣ አስራት የለ። «ዘኔ» አልኳት፣ «ያን ቀን ሎሚ ነበረበት።»

«ምኑ ላይ?» ዓይኗን አልገለጠችም።

«ማሩ ላይ። ሁለት ሎሚ ደብቄ ጨመቅሁበት። ያቃጠለሽ እሱና ፀሐይ ነው፣ በሽታ አልነበረም። ያን ጊዜም አውቅ ነበር።»

ማሩ በአገጯ መውረድ ጀመረ፤ ልጠርገው ፈራሁ።

«እማማ ያውቁ ነበር?»

«አታውቅም። እንዳመነች ሞተች።»

«አስራትስ?»

«አልነገርኩትም።»

«እንግዲያ እሱም ፈርቶኝ ነው የሞተው» አለች።

አልጮኸችብኝም። ብትጮኽብኝ በወደድኩ። ድምፅዋ ክፍል ውስጥ እንደሚያስተምር ሰው ድምፅ ነበር። «ሐኪም ቤት ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ። የለብሽም አሉኝ፣ በዘርም አይወርድም አሉኝ። እኔም እኮ ለተማሪዎቼ አስተምረው ነበር፣ ሰሌዳ ላይ ጽፌ። ጭንቅላቴ ያውቃል፣ ሆዴ ግን አላመነም። ይተኛል እንጂ አይጠፋም ብለሽኛላ። አንቺ ነሽ ያልሽኝ አልማዝ፤ የእማማን ቋንቋ እኔ አልሰማም። አንድ ደግ ሰው፣ የሒሳብ መምህር፣ ሽማግሌ ልኮብኝ ነበር። ብወልድና በልጄ ላይ ቢነሳስ ብዬ መለስኩት። የእህቴን ልጆች ያሳደግሁ እኔ ነኝ፣ አምስት ናቸው። አንዳቸውንም ጉንጫቸውን ስሜ አላውቅም። እናታቸው እስከ ዛሬ ኩራት ይመስላታል።»

እግሯ ላይ ልወድቅ ጎንበስ ስል ጉልበቴ እምቢ አለኝ፤ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረሁ። በክንዴ ይዛ ያስቀመጠችኝ እሷው ናት። ይቅር በዪኝ አልኳት። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችም፣ አልልሽም አላለችም። «በዪ ይሄን አጥቢልኝ፣ አውቶቡሱ ያመልጠኛል» አለች። አጠብኋት፣ ነካ ነካ አድርጌ አደረቅኋት፣ እርጥብ ሳለ ቅቤ ቀባኋት። ሳሙናውን ተዪ፣ በሙቅ ውሃ አትታጠቢ፣ ለጋ ቅቤ ካጣሽ የአገሩን ኑግ ዘይት ጠብታ አድርጊ፣ ነፋስ ሲሆን ተሸፈኚ እያልኩ ለፈለፍኩ። የለፈለፍኩት ሌላ የምሰጣት ነገር ስላልነበረኝ ነው። «እሺ» እያለች ቦርሳዋን አሰረች።

መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት፤ በመንገድ ላይ ስለ አስራት ልጆች ብቻ ነው ያወራነው። የጅማው አውቶቡስ ውስጥ መስኮት አጠገብ ተቀመጠች። ፊቷ ቅቤውን ጠጥቶ ወዝ አውጥቷል፤ የድሮዋ ዘነበች ብልጭ አለችብኝ። አንዲት ወጣት እናት ሕፃን ታቅፋ ገብታ አጠገቧ ተቀመጠች። ሕፃኑ ስምንት ወር ቢሆነው ነው፤ ልጅ ወዝ ያለው ነገር ይወዳል መሰለኝ፣ እጁን ወደ ዘነበች ጉንጭ ሰደደ። ዘነበች ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሥር ስባ ወደ መስኮቱ ዞረች። ነግሬያታለሁ እኮ። ዛሬ ጠዋት ነግሬያታለሁ። ዓይን ለዓይን ተያየን፣ ሞተሩ ተነሳ። ጃንጥላዬን ጥዬ መስታወቱን በመዳፌ መታሁት።

«ዘኔ፣ ሳሚው! በሽታ የለብሽም እኮ! በሽታ አይደለም!»

ተሳፋሪው ሁሉ ዞረ። ሕፃን ያቀፈችው ልጅ መጀመሪያ እኔን አየች፣ ቀጥላ የዘነበችን ፊት አየች። ከዚያ ልጇን አነሳችና በወዲያኛው ጎኗ አቀፈችው።